ብሬል ዲስፕሌይ ለሚያነብ ሰው ሰነድ ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የኮምፒውተር ድጋፍ ስሰጥ ደጋግሞ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ብሬል ዲስፕሌይ፣ ማለትም በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቅ ጥልቅ በሚሉ ነጥቦች በጣት የሚያስነብበው መሣሪያ፣ በብዙ ድካም ከተገኘ በኋላ ያለ አገልግሎት ይቀመጣል። ምክንያቱም በአብዛኛው ከአንባቢው ሳይሆን ሰነድ ከምናዘጋጀው ከእኛ ይመነጫል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በዓይን የተነበበ ሁሉ በጣትም ይነበባል ብሎ ማሰብ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ደንብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አማርኛ ሆኖ ቢታይም ከሥሩ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ወይም በብሬል የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ያንኑ ወደ ዲስፕሌዩ ስለሚልክ ተማሪው የሚዳስሰው ትርጉም አልባ ነጥብ ይሆናል። አንድ ተማሪ ለፈተና የተሰጠውን ሃንድአውት ከፍቶ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ አመጣልኝ፤ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ ቀይረን ስንሰጠው በዚያው መሣሪያ ያለ ችግር አነበበው፤ ነገር ግን ሦስት የጥናት ቀናት አልፈውበት ነበር። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍና በቴሌግራም የሚላክ የማስታወቂያ ፎቶማ ከዚህም ይብሳል፤ ጽሑፉ በፊደል ካልተተየበ ለጣት የሚደርስ አንዳች ነገር የለም።

ሌላው «ድምፅ ይበቃዋል» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ኤንቪዲኤን የመሰለ ነፃ ስክሪን ሪደር ጽሑፍን በድምፅ ማንበቡ ትልቅ እርዳታ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም የአንድ ስም አጻጻፍ፣ የሥርዓተ ነጥብ ቦታ ወይም የሒሳብ ቀመር በጆሮ ብቻ ሲሰማ በቀላሉ ያመልጣል። ማየትም መስማትም ለተሳነው ሰው ደግሞ ያለው መንገድ ጣቱ ብቻ ነው።

መሣሪያ ሲገዛም የአማርኛ ብሬል ጠባይ ይዘነጋል። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ ሳድስ ፊደል አንድ የነጥብ ክፍል (አንድ የብሬል ምልክት የሚይዝ ቦታ) ሲወስድ ሌሎቹ በአብዛኛው ሁለት ይወስዳሉ፤ «ባሕር ዳር» ብቻ ክፍተቱን ጨምሮ ስምንት ክፍል ይይዛል። ስለዚህ ባለ 14 ክፍሉ መሣሪያ ለስልክ መልእክት ቢበቃም፣ መጽሐፍ ለሚያነብ ተማሪ ባለ 40 ክፍሉ ይሻላል። በስክሪን ሪደሩ ቅንብርም የብሬል ሠንጠረዡን፣ ማለትም የትኛው ፊደል በየትኞቹ ነጥቦች እንደሚወጣ የሚወስነውን ዝርዝር፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ግእዝ ፊደሉ መቀየር ያስፈልጋል።

የሚዳሰስ ካርታ የሚሠሩም በዓይን የሚታየውን ሁሉ ለማስገባት ይጣጣራሉ። የጣና ሐይቅ 37 ደሴቶች በአንድ ወረቀት ላይ ቢደረደሩ ጣት አንዱን ከሌላው አይለይም፤ በአንዱ ወረቀት የሐይቁን ዳርቻ፣ ባሕር ዳርንና የዓባይን መውጫ፣ በሌላው ጥቂት ደሴቶችን ማሳየት ይሻላል።

የመጨረሻው ስህተት እጅ ሳይታጠቡ ዲስፕሌይ መንካት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ የወጥ ቅባትና አቧራ ያጣብቀዋል። እጅን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ መሣሪያውንም ካነበቡ በኋላ ሽፋኑ ውስጥ መመለስ ያስፈልጋል።