እንግሊዝ ቤት ስትገዙ ካውንስል ጋ ለመደወል አትቸኩሉ

ጎጃም ውስጥ ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ማዘጋጃ ሄደህ ፋይሉን አስፈትሽ» ነው። ለደብረ ማርቆስም ለፍኖተ ሰላምም ትክክለኛ ምክር ነው፤ እዳና እገዳ የሚታወቀው እዚያ ነውና። ግን እንግሊዝ ያለ ዘመዳችን ቤት ሊገዛ ነው ሲባል ይህንኑ ምክር በስልክ እንልክለታለን፤ የእዚያ ማዘጋጃ «ካውንስል» ይባላል። እዚያ አንዳንዴ ነገር ያበላሻል።

የቀድሞው ባለቤት በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል የነበረውን ግድግዳ አፍርሶታል እንበል። የግንባታ ቁጥጥር ሰርተፊኬት የለውም። ሻጩ ብዙ ጊዜ «ኢንደምኒቲ ኢንሹራንስ ልግዛልህ» ይላል። አረቦኑ የሚከፈለው አንዴ ብቻ ነው፤ ካውንስሉ ወደፊት «አስተካክል» ብሎ ቢመጣ ኪሳራውን ይሸፍናል። ኢንሹራንሱ ይህን የሚሸጠው ግን ካውንስሉ ጉዳዩን አላወቀም ብሎ ነው። እናንተ አድራሻውን ጠርታችሁ «ይሄ ሥራ ፈቃድ አለው ወይ?» ካላችሁ አለቀ፤ ራሳችሁ ነገራችኋቸው። ከዚያ በኋላ ፖሊሲውን (የኢንሹራንስ ውሉን) የሚሸጥላችሁ ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለጠበቃው ደውሉ። ጠበቃው የሚያደርገው የተለመደው የካውንስል ሰርች (የቤቱን መዝገብ ማስፈተሽ) አብዛኛውን ጊዜ ካውንስሉን እንደ ማነጋገር አይቆጠርም፣ ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ የተለቀቀ የፈቃድ መዝገብ ማየትም እንደዚያው፤ ቢሆንም የፖሊሲውን ቃል አስነብቡት። ሻጩም ደላላውም አለመደወላቸውን ጠይቁ። የእነሱ ጥሪም ይቆጠራል።

ጎረቤትስ? መሬቱ ላይ «እዚህ እንዳይሠራ» የሚል የቆየ ክልከላ ካለና ኢንሹራንሱ ለእሱ ከሆነ፣ የክልከላው ተጠቃሚ አጥር የሚጋራችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። ድንበር በሽማግሌና በቡና መጨረስ ለለመድን ሰዎች ይከብዳል እንጂ፣ ጠበቃው እሺ ሳይል እሱን ማነጋገርም ያው ጣጣ አለው።

ቀድማችሁ ከደወላችሁ አትደብቁ። ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደጠየቀ ለጠበቃው ጻፉለት። ቅጹ ላይ «አልተነጋገርንም» ብሎ መፈረም ኋላ ካሳ ስትጠይቁ ፖሊሲውን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። እውነቱን ሰምቶ ለየት ባለ ዋጋ የሚቀበል ኢንሹራንስ አንዳንዴ ይገኛል። ካልሆነ ሁለት መንገድ አለ፦ ዋጋ ማስቀነስ፣ ወይም ሻጩ ከካውንስሉ የማስተካከያ ሰርተፊኬት (ያለ ፈቃድ ለተሠራ ሥራ በኋላ የሚሰጥ) እንዲያወጣ ማድረግ። ይህኛው ከኖቬምበር 11 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠራ ሥራ ነው። ተቆጣጣሪው የተለሰነውን ከፍቶ ልይ ሊል ስለሚችል ሻጮች አይወዱትም።

ደግሞ ፖሊሲው ግድግዳውን አያጠነክርም። ጣራው ይወርድ እንደሆነ የሚነግራችሁ በግል የምትቀጥሩት መሐንዲስ ነው፤ እሱን መጥራት ብቻውን ብዙ ጊዜ ኢንሹራንሱን አይነካም። እኔ ብሆን ከወረቀቱ በፊት እሱን አስመጣለሁ።

ቤቱን ከገዛችሁ በኋላም ስለዚያው ግድግዳ ካውንስል መጠየቅ ካስፈለገ በመጀመሪያ የኢንሹራንሱን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ።