የጡረታ ገንዘብ ከዕድሜ በፊት እንዳያልቅ፦ አሜሪካ ውስጥ አኑይቲ እንዴት ይገዛል?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ጡረታ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ከመንግሥት የጡረታ ዋስትና፣ በየወሩ የሚገባለት ገንዘብ ነው። ሌላው 401(ኬ) (በመሥሪያ ቤት በኩል) ወይም አይ አር ኤ (በግል) በሚባል የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ያጠራቀመው ጥሪት ነው። የመጀመሪያው ሰውየው በሕይወት እስካለ አይቋረጥም። ሁለተኛው ያልቃል።

አገር ቤት ጡረታ ሲባል የሚገባን በየወሩ የሚመጣ ደመወዝ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ ጡረተኛው ደግሞ እስኪሞት ይከፈለዋል። እዚህ ግን ባለ 401(ኬ) የተከማቸውን ገንዘብ ይረከብና የቀረውን ራሱ ይወጣዋል። በዓመት ስንት ላውጣ? 95 ዓመት ብኖርስ? አኑይቲ የሚመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው። ለኢንሹራንስ ድርጅት በአንድ ጊዜ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ድርጅቱ ዕድሜ ልክዎን በየወሩ ይከፍልዎታል።

ነገሩ በዕድር በደንብ ይገባል። ዕድር የሚከፍለው ሰው ሲሞት ነው። አኑይቲ የዕድር ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚከፍለው ሰው በኖረ ቁጥር ነው። ቀድሞ ያረፈው ሰው ገንዘብ ረጅም ዕድሜ የተሰጠውን ይደጉማል። ባንክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ይህን አያደርግም።

መጀመሪያ፦ የማይቀሩ ወጪዎችን መቁጠር

ወረቀት ያውጡና በየወሩ የግድ የሚከፈለውን ብቻ ይጻፉ። የቤት ኪራይ ወይም ሞርጌጅ፣ የቤት ታክስ፣ አስቤዛ፣ መድኃኒት፣ የሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ሕክምና ኢንሹራንስ) ክፍያ፣ የመኪና ኢንሹራንስ። አገር ቤት የሚልኩትንም እዚሁ ይጻፉ። የፋይናንስ አማካሪዎች «ተጨማሪ ወጪ» ይሉት ይሆናል። እናቱን የሚጦር ሰው ግን ምግቡን ቀንሶም ቢሆን እንደሚልክ ሁላችንም እናውቃለን።

ድምሩ 2,600 ዶላር ነው እንበል። ከሶሻል ሴኩሪቲ 2,000 ዶላር የሚያገኙ ከሆነ ክፍተቱ 600 ዶላር ነው። አኑይቲ የሚፈለገው ይህንን ክፍተት ለመድፈን ነው። ከዚያ በላይ መግዛት አያስፈልግም። ክፍተት ከሌለ ደግሞ ጭራሹኑ አይግዙ።

ከመግዛትዎ በፊት ሶሻል ሴኩሪቲን ማሳደግ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ አኑይቲ ነው። ያውም ከኑሮ ውድነቱ ጋር እያደገ የሚሄድ።

በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሙሉ ክፍያ የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው። በ67 ዓመቱ 2,000 ዶላር የሚደርሰው ሰው በ62 ከጀመረ 1,400 ዶላር ብቻ ያገኛል። እስከ 70 ከታገሠ ግን በየዓመቱ 8 በመቶ ይጨመርለትና 2,480 ዶላር ይሆናል። ይህ ልዩነት ዕድሜ ልክ ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ አንዱ ሲሞት የቀረው ከሁለቱ ክፍያ ትልቁን ይዞ መቀጠል ይችላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ገቢ የነበረው ሰው ቢዘገይ የሚጠቀመው ቤተሰቡ ነው። ጤናው ደህና የሆነና 401(ኬ) ያለው ሰው በእነዚያ 3 ዓመታት ከጥሪቱ እየበላ ሶሻል ሴኩሪቲውን ቢያዘገይ፣ ማንም ኢንሹራንስ የማይሸጥለትን አኑይቲ ገዛ ማለት ነው።

በተለይ እኛን የሚመለከት ሌላ ነገር አለ። ክፍያው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት ነው። በ40 ዓመቱ አሜሪካ ገብቶ እስከ 67 የሠራ ሰው 27 ዓመት ብቻ ስላለው 8ቱ ዓመት በዜሮ ይቆጠርበታል። አንድ ዓመት ተጨማሪ ሲሠራ አንድ ዜሮ ይሰረዝለታል። ታክሲ ወይም ኡበር ስንነዳ ለታክስ ያላሳወቅነው ገቢም እዚህ ላይ ነው የሚጎዳን፤ ለሶሻል ሴኩሪቲ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍተው የገቢ መዝገብዎን ዓመት በዓመት ያረጋግጡ።

የትኛው ዓይነት?

በጣም ቀላሉ ወዲያውኑ መክፈል የሚጀምረው ነው። ዛሬ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ በዓመት ጊዜ ውስጥ ወርኃዊ ክፍያው ይጀምራል። ክፍያው ከ75 ወይም ከ80 ዓመት ጀምሮ እንዲሆን የሚገዛም አለ፤ ስለሚዘገይ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ያስገኛል። ከስቶክ ገበያ ጋር የተያያዙት ግን ውላቸው ረጅም፣ ወጪያቸው የተደበቀ፣ የኤጀንቱ ኮሚሽንም ከፍ ያለ ነው። እኔ ለእናቴ ብመርጥ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የወር ክፍያውን አይታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልታስረዳኝ ትችላለች።

አሁን ስለ አንድ ቁጥር ልንገርዎ። 100,000 ዶላር ከፍለው በወር 600 ዶላር ይሰጡዎታል እንበል። በዓመት 7,200 ዶላር ነው። አንዳንድ ሻጭ ይህን «7.2 በመቶ ወለድ» ይለዋል። ወለድ አይደለም። አብዛኛው የራስዎ ገንዘብ ተመልሶ ሲመጣ ነው። የሰጡት 100,000 ተመልሶ የሚያልቀው ወደ 14 ዓመት ገደማ ሲሞላ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው ከኪስዎ ያልወጣው። የአኑይቲ ጥቅሙ ትርፍ ላይ አይደለም፤ በ92 ዓመትዎም 600 ዶላሩ መምጣቱ ላይ ነው።

ከእርስዎ በኋላ ማን ይቀበል?

ለአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ የሚከፈለው የወር መጠኑ ከፍ ይላል። ነገር ግን በ2 ዓመት ውስጥ ቢሞቱ ቀሪው ለድርጅቱ ይቀራል። ባለትዳር ከሆኑ ሁለታችሁም እስክታልፉ የሚከፈለውን ይጠይቁ። ልጆች ካሉዎት ደግሞ «ቢያንስ ለ10 ዓመት» ወይም «የከፈልኩት እስኪመለስ» የሚል ዋስትና ማስጨመር ይቻላል። እያንዳንዱ ዋስትና የወር ክፍያውን ይቀንሳል። ክፍያው ከኑሮ ውድነት ጋር እንደማያድግም አይርሱ፤ የዛሬ 600 ዶላር ከ20 ዓመት በኋላ ያንን አይገዛም። ለዚህም ነው ጥሪትን በሙሉ አኑይቲ ውስጥ ማስገባት የማይገባው። ለሕክምና፣ ለለቅሶ፣ ለድንገተኛ የአገር ቤት ጉዞ እጅ ላይ ገንዘብ ይኑር። ከባድ ሕመም ያለበት ወይም የክሬዲት ካርድ ዕዳ የተከመረበት ሰው ባይገባበት ይሻላል።

ድርጅቱን መፈተሽ

አኑይቲ እንደ ባንክ ሂሳብ በፌዴራል መንግሥት ዋስትና የለውም። ከኋላው ያለው ድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ ቢወድቅ ደግሞ የየስቴቱ የዋስትና ማኅበር እስከ ተወሰነ መጠን ይሸፍናል፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች 250,000 ዶላር ነው። በ1991 ኤክስኪዩቲቭ ላይፍ የተባለ የካሊፎርኒያ ትልቅ የሕይወት ኢንሹራንስ ድርጅት በመንግሥት ተይዞ ነበር። ስለዚህ የኢንሹራንስ ድርጅቶችን የገንዘብ አቅም እየመዘነ ደረጃ በሚሰጠው ኤ ኤም ቤስት ዘንድ ኤ ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ይምረጡ። ቢያንስ ከ3 ድርጅቶች በአንድ ቀን ዋጋ ያስጠይቁ፤ ዕድሜው፣ የገንዘቡ መጠንና ዋስትናው አንድ ዓይነት ይሁን። አለበለዚያ ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

ገንዘቡ ከ401(ኬ) የሚመጣ ከሆነ በእጅዎ ተቀብለው አያስተላልፉ። በእጅዎ ከገባ 20 በመቶው ለታክስ ይያዛል። ከድርጅት ወደ ድርጅት በቀጥታ እንዲሄድ ያስደርጉ። ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣው ክፍያ እንደ ደመወዝ ታክስ ይከፈልበታል።

ወደ አገር ቤት ለመመለስ ካሰቡ ከመፈረምዎ በፊት ክፍያው የት ባንክ እንደሚገባ ይጠይቁ። ሜዲኬር በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ እንደማይሠራም በወጪዎ ላይ ያስቡት።

ከፈረሙ በኋላ ያሉት ቀናት

ውሉ እጅዎ ከገባ በኋላ ያለ ቅጣት የሚመልሱበት ጊዜ አለ። እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ቢያንስ 10 ቀን ነው። ይህን ጊዜ እንደ ሥራ ቀን ይያዙት። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቀለው ልጅ ካለዎት ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ገጽ አንብቡ። «ሰረንደር ቻርጅ» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ገንዘቡን ቀድሞ ለማውጣት የሚቆረጠው ቅጣት ነው።

አክስቴ ውሏን ይዛ ቤቴ የመጣችው በ6ኛው ቀን ነበር። የሸጠላት ሰው የምታውቀው፣ የምታምነው ሰው ነው። «ስትፈልጊ ታወጪዋለሽ» ብሏት ነበር። ስናነበው ቅጣቱ ለ10 ዓመት የሚቆይ ነው። እሷ 71 ዓመቷ ነው። በማግስቱ የስረዛ ደብዳቤ ጽፈን በሪኮማንዴ ላክን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘቧ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።