የሙዚቃ ሸክላ መስማት ልትጀምሩ ነው? መርፌውን እዩ

ሻንጣ የሚመስሉት ርካሽ ሸክላ ማጫወቻዎች ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ግን ብዙዎቹ የመርፌውን ጫና ማስተካከያ የላቸውም። የተለመደው ጫና 2 ግራም አካባቢ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር ከካርትሪጁ (መርፌውን ከሚይዘው ክፍል) ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለላችሁ። ሲበዛ ሸክላውን ይበላዋል፣ ሲያንስም መርፌው እየዘለለ ያበሽቃል፣ በዚያ ላይ ሸክላውን ይጎዳል።

እኔ የመጀመሪያ ማጫወቻዬን አምፕሊፋየር ላይ ስሰካው ድምፁ የትንኝ ነበር። ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ስል ነው ለካ ከማጫወቻው የሚወጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባል ነገር እንደሚፈልግ የገባኝ! አንዳንዱ ማጫወቻ ውስጡ አብሮት ይመጣል፤ ከኋላው “ፎኖ” እና “ላይን” የሚል መቀያየሪያ ካለ ሌላ አትግዙ፣ “ላይን” ላይ አድርጉት።

ሸክላዎቹን ደግሞ አቁማችሁ ደርድሩ። ከተነባበሩ ይጣመማሉ።