አዲስ አበባ ላይ ብቻዎን፣ ያለ ጥድፊያ እንዴት ማረፍ ይችላሉ?

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዕረፍት ሰበብ ነው ማለት ይቻላል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ ሰንብተው ቦታውን ስለወደዱት ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተጀመረች። ከክፍለ ሀገር የምንመጣው ሰዎች ግን የምናውቃት ለጉዳይ ብቻ ነው፦ ለሐኪም፣ ለፓስፖርት፣ ለዕቃ ግዢ። ከዚህ ሁሉ ነፃ ሆነው አራት አምስት ቀን ማረፍ ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ።

መጀመሪያ ለዘመድ አይንገሩ። አክስትዎ መምጣትዎን ከሰሙ ሆቴል ማደርዎ ነውር ይሆናል፤ ዕረፍቱም በምሳ ግብዣ ያልቃል። የት እንዳረፉ የሚያውቅ አንድ የሚያምኑት ሰው ይበቃል።

ወቅቱን ይምረጡ። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ከዝናብ ጋር መደባበቅ ነው። በየትኛውም ወር ሹራብ አይርሱ።

ማረፊያዎን ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ አቅራቢያ ይፈልጉ፤ ብዙውን ነገር በእግር ይደርሱበታል። ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉን ገብተው ይዩ፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ የሚከፈት ይሁን። እኔ ይህን የተማርኩት ከጭፈራ ቤት በላይ ሦስት ሌሊት አፍጥጬ ካደርኩ በኋላ ነው።

ከዚያ በቀን አንድ ቦታ ብቻ ይያዙ። ይህ ሲሰሙት ቀላል፣ ሲሞክሩት ከባድ ነው፤ እግር ጉዳይ ካልያዘ የሰነፈ ይመስለዋል። አንዱን ቀን ለብሔራዊ ሙዚየም ይስጡት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ድንቅነሽን ሰው ሁሉ አይቶ ይወጣል፤ እርስዎ ግን ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተው ሥዕሎቹ ፊት ይቆዩ። በማግሥቱ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይሂዱ። የአፄ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤት ካዩ በኋላ ወደ ውጭ ወጥተው ጠመዝማዛውን ደረጃ ይፈልጉ። ጣሊያኖች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመታት አንድ አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው፤ ከላይኛው እርከን ላይ ግን ዛሬ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጣለች። ግቢው ዛፍ አለው፣ ጥላው ሥር ይቀመጡ።

ብቻን መብላት እኛ ዘንድ ያሳፍራል፤ አስተናጋጁም «ሌላ ሰው ይመጣል?» ማለቱ አይቀርም። ብቻዎን መሆንዎን ይንገሩትና በያይነት ወይም የሚንተከተክ ተጋቢኖ ይዘዙ፤ ሁለቱም ለአንድ ሰው ተብለው የተፈጠሩ ይመስላሉ። ቡናውን ግን መንገድ ዳር ከጀበና ይጠጡ። አጭሯ በርጩማ ላይ ጉልበትዎን አጥፈው ሲቀመጡ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሲኒው ይንሿሿል፣ ከጎንዎ ያለው ሰው ጨዋታ ይጀምራል። ማውራት ካልፈለጉ ጋዜጣ ይዘርጉ።

አንዱን ጠዋት ለፍልውሃ ያስቀሩት። አገልግሎት መኖሩን በቅድሚያ ያጣሩ፤ ፎጣና ነጠላ ጫማ ይያዙ፣ በማለዳ ይሂዱ። ከታጠቡ በኋላ ሌላ ቀጠሮ አይያዙ፤ ሙቀቱ ሰውነትን ስለሚያዝል ወደ ክፍልዎ ተመልሰው ይተኙ።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ለአክስትዎ ይደውሉ። መቆጣታቸው አይቀርም፤ ፍራፍሬ ይዘው ይሂዱ።