ሞተርና መኪና ማን ቀድሞ ይቆማል? ራሳችሁ የምትሞክሩበት ዘዴ

"ሞተር ቀላል ስለሆነ ከመኪና ቀድሞ ቀጥ ይላል" የሚሉ ብዙ ናቸው፣ በተለይ ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫና ሸኖ እየተመላለሱ የሚሰሩ ባለሞተሮች ይሄን ሲያወሩ ነው የሚውሉት። እውነት አይደለም። ከባድ ነገር ለማቆም ቢያስቸግርም ክብደቱ ጎማውን በዛው ልክ አስፋልቱ ላይ ይጫነዋል፣ የተጫነ ጎማ ደግሞ የበለጠ ይይዛል፣ ስለዚህ ነገሩ ይጣፋል። ቀላል መሆን ብቻውን ምንም አይጠቅምም ማለት ነው።

ቁጥሩን እንየው። በሰዓት 60 ስትነዱ በ1 ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ማለትም አህያ ዘው ብሎ ገብቶ "እንዴ!" ብላችሁ እጃችሁ ወይ እግራችሁ ፍሬን እስኪነካ ድረስ 17 ሜትሩ አልቋል። ከዛ በኋላ ደረቅ ሜዳ አስፋልት ላይ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነገር) ያለው የቤት መኪና በ16 እስከ 18 ሜትር ይቆማል። ሞተርም ጎማውና ፍሬኑ ደህና ሆኖ የሚነዳው ሰው በደንብ የተለማመደ ከሆነ ወደዛው ይጠጋል፣ እዚህ ጋ ሞተሩን አንማው። ግን ተራው ነጂ 25 እና 28 ሜትር ይፈጅበታል፣ የኋላውን ብቻ በእግሩ የሚረግጥ ደግሞ 35 እና 40 ድረስ ይንሸራተታል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሰውየው ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። መኪና ውስጥ ያለው ሰው ተደናግጦ ዝም ብሎ ቢረግጥም ኤቢኤሱ ያስተካክልለታል፣ ባለሞተሩ ግን ሁለት ፍሬን ለየብቻ መመጠን አለበት፣ ሳይወድቅ። መኪና ላይ ኤቢኤስ ከ1978 ጀምሮ አለ፣ ሞተር ላይ የገባው በ1988 ነው፣ ህንድም ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑት ያስገደደችው ገና በ2018 እና 2019 ነው (ሁሉም በፈረንጅ)፣ እኛ ሰፈር የሚሮጡት ትንንሽ ቦክሰር ሞተሮች አብዛኞቹ ምንም የላቸውም።

አላምንም ካላችሁ ሞክሩት። የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ላይ ግን እንዳትሞክሩት በናታችሁ፣ ሰውም ከብትም የማይገባበት ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልጉ። ህዳርና ታህሳስ ከሆነ ደግሞ ውርጩ ቀልጦ መሬቱ እስኪደርቅ ጠብቁ። ዳር ላይ ድንጋይ አስቀምጡ፣ በ30 ጀምሩ፣ ከለመዳችሁ በኋላ 40፣ ከዛ በላይ አያስፈልግም። የሞተሩ ኪሎሜትር አልሰራም ካለ (የስንቱ ነው የሚሰራው!) የስልክ ጂፒኤስ ፍጥነት ያሳያችኋል፣ ስልኩን መሪው ላይ እሰሩት። ድንጋዩ ጋ ስትደርሱ ፍሬን፣ ከቆማችሁ በኋላ በእርምጃ ለኩ። መጀመሪያ በእግር ፍሬን ብቻ፣ ቀጥሎ በሁለቱም፣ ከዛ ጓደኛችሁ በመኪናው እዛው ድንጋይ ጋ። ደጋግሙትና ከሁሉም የከፋውን ያዙ፣ ምክንያቱም በግ ፊታችሁ ሲዘል የሚመጣላችሁ የከፋው ነው። በሁለተኛው ዙር ድንጋዩን ተዉትና ዳር የቆመ ሰው ሳይነግራችሁ እጁን ሲያወጣ አቁሙ፣ ያኔ መደናገጡም አብሮ ይለካል፣ ያቺን ርቀት ስታዩ ትገረማላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር የፊት ፍሬን ነው። "የፊት ፍሬን ይገለብጣል" የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀላል፣ የቀለለ ጎማ ደግሞ ቢረግጡት ይቆለፍና ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም። ከማቆም አቅሙ አብዛኛው ያለው ፊት ላይ ነው። የሚጥለው የፊት ፍሬን መያዙ ሳይሆን አንዴ በድንጋጤ ጨብጦ መቆለፉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት፣ የሞተሩ አፍንጫ ወደታች ሲሰምጥ ይሰማችኋል፣ ያኔ ጎማው አስፋልቱ ላይ ተጭኗል ማለት ነው፣ ከዛ እየጨመራችሁ ጨብጡ። የኋላውን አብራችሁ በትንሹ። ፊተኛው ጎማ ከተቆለፈ ወዲያው ልቀቁና እንደገና ያዙ። ሞተሩ ቀጥ ያለ ይሁን፣ ኩርባ ላይ አዘንብላችሁ እያለ አጥብቃችሁ መያዝ መውደቅ ነው፣ ፍጥነቱን ኩርባው ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። ይሄን ሜዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ካልተለማመዳችሁት በችግር ሰዓት እጃችሁ አያውቀውም።

መኪና ላይ አጭር ነው፦ ኤቢኤስ ካለው እስከመጨረሻው ርገጡ፣ እግራችሁ ስር ቢንቀጠቀጥም አትልቀቁ። ከሌለው፣ አሮጌ ሚኒባስ ምናምን ከሆነ፣ ጎማው ሲቆለፍ መሪውም አይታዘዝም፣ ለቀቅ ያዝ ማድረግ ነው።

የጣርማበር ቁልቁለትስ? እዛ ሁሉም ቁጥር ይቀየራል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ ሸዋሮቢት 1,300 አካባቢ፣ ያ ሁሉ ከፍታ ጣርማበር ያለውን የጣሊያን ዋሻ አልፋችሁ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ መሬቱ ራሱ ይገፋችኋል፣ በሜዳ 28 ሜትር የሚፈጅበት ባለሞተር ዳገትነቱ ከመቶ 8 በሆነ መንገድ ሲወርድ 33 ይሆንበታል። ጭጋጉ ሲመጣ 33 ሜትር ፊታችሁ ላይታይም ይችላል፣ ያኔ ፍጥነታችሁን የሚወስነው የምታዩት ርቀት ነው፣ ከምታዩት በላይ የሚያስኬድ ፍጥነት አትያዙ። ከፀሐይ ወደ ጣሊያን ዋሻ ስትገቡም አይን እስኪለምድ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከመግባታችሁ በፊት ቀንሱ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ ወይ ማርሽ ዜሮ አድርጎ የሚወርድ አለ፣ እባካችሁ ተዉት። በዝቅተኛ ማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል፣ ፍሬኑ ያርፋል። ያለ ማርሽ ሙሉውን መንገድ ፍሬን ላይ ከተንጠለጠላችሁ ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል፣ የኋላው ታምቡር በተለይ ሽታውን ታውቁታላችሁ።

አንድ ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር፦ ከመኪና ኋላ ስትሄዱ ብቻ አይደለም አደጋው። የተጫነ ሲኖትራክ ወይ አይሱዙ ፊት ቀድማችሁ ገብታችሁ ድንገት ብትቆሙ እናንተ ትቆማላችሁ፣ እሱ ግን አይቆምም፣ እንደ ሲኖትራክ ያለው ከባድ መኪና ፍሬኑ በአየር ስለሚሰራ እስኪይዝ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ ቁልቁለት ወርዶ የጋለ ከሆነ ደግሞ አስቡት። ቀድማችሁ ከገባችሁ ርቃችሁ ሂዱ፣ መቆም ካለባችሁ አስቀድማችሁ ፍሬን መብራቱን ብልጭ ብልጭ አድርጉለት፣ መብራቱ የሚሰራ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ዛሬውኑ እዩት።

ከፊታችሁ ካለው የምትርቁትን በሜትር መገመት አስቸጋሪ ነው፣ ቁጠሩት። ፊተኛው መኪና አንድ ባህር ዛፍ ሲያልፍ "ሺህ አንድ፣ ሺህ ሁለት፣ ሺህ ሦስት" በሉ፣ ሳትጨርሱ ዛፉ ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። ዝናብ ከሆነ አምስት ድረስ፣ በተለይ መጀመሪያ የሚጥለው ዝናብ ዘይትና አቧራውን ለቅልቆ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። ኋላ ሰው ከጫናችሁ ወይ የገብስ ጆንያ ካለ አንድ ተጨማሪ ቁጠሩ፣ ጭነት ሲኖር የኋላ ፍሬን ከወትሮው የበለጠ ይሰራል፣ በእግር ትንሽ ጨመር ማድረግ ይቻላል። ኮረኮንች ላይ ግን መኪናም ሞተርም እኩል ይሰቃያሉ፣ እዛ የፊት ፍሬኑን በሁለት ጣት ብቻ፣ በጣም በቀስታ።