የሜሪላንድ የካናቢስ ላይሰንስ፦ አመልካቾችን የሚጥሉ ስህተቶች

ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ካናቢስ (ማሪዋና) ለአዋቂዎች እንዲሸጥ ስትፈቅድ፣ የመጀመሪያውን ዙር አዲስ ላይሰንስ ሶሻል ኢኩቲ (ማኅበራዊ ፍትሕ) ለሚባሉት አመልካቾች ብቻ ለየችው። የታሰበው በማሪዋና ክስና እስር የተጎዱ ሰፈሮች ከንግዱ እንዲጠቀሙ ነው። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ቡና ላይ ሲወራ ግን «ለጥቁርና ለስደተኛ የተሰጠ ዕድል» ይሆናል። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። መስፈርቱ ዘርንም ሆነ የኪስ መሳሳትን አይመለከትም። ከማመልከቻው በፊት ካሉት 10 ዓመታት ቢያንስ 5ቱን በተጎዳ አካባቢ መኖር፣ ወይም እዚያው ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቢያንስ 5 ዓመት መማር ያስፈልጋል። ሦስተኛው መንገድ፣ ቢያንስ 40 በመቶ ተማሪዎቹ ለፔል ግራንት (የፌዴራል መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ተማሪዎች ለሚሰጠው እርዳታ) ብቁ በሆኑበት የሜሪላንድ የ4 ዓመት ኮሌጅ 2 ዓመት መማር ነው። ተጎዳ የሚባለውም በካናቢስ ይዞታ የተመዘገበበት ክስ ከግዛቲቱ የ10 ዓመት አማካይ ከ150 በመቶ በላይ የሆነ ዚፕ ኮድ (የፖስታ አድራሻ ክልል) ነው።

ሁለተኛው ስህተት ወረቀት አለመሰብሰብ ነው። የኛ ሰው ዘመድ ቤት ተጠግቶ ይኖራል፤ የኪራይ ውሉ በአጎት፣ የመብራቱ ቢል በአጎት ሚስት ስም ነው። አምስት ዓመት ኖሮ በስሙ አንድም ማስረጃ የሌለው ብዙ ነው። የታክስ ወረቀት፣ የባንክ መግለጫ፣ አድራሻ ያለበትን ሁሉ ከአሁኑ ማሰባሰብ ይሻላል። አንዳንዴ አባት የማያሟላውን ልጅ ያሟላል፤ የትምህርት ቤት መዝገብ ደግሞ ከኪራይ ውል ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።

ስም ማዋስ ሌላው ነው። ብቁ የሆኑት ሰዎች ቢያንስ 65 በመቶ ባለቤትነትና ቁጥጥር ሊኖራቸው ይገባል። ባለገንዘቡ «ወረቀቱ በአንተ ስም ይሁን፣ ሥራውን ለኛ ተወው» ካለ፣ ባለቤትነቱ ቢኖርም ቁጥጥሩ የለም። አዲስ ላይሰንስ ለ5 ዓመት ስለማይተላለፍም ወዲያው ሸጦ መውጣት የለም። ውሉን ባለገንዘቡ ባመጣው ጠበቃ ብቻ አስነብቦ መፈረም ሞኝነት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ ነው፤ በወሬው ውስጥ ሲነሳ ግን አይሰማም። ግዛቲቱ ፈቀደች ማለት የፌዴራል መንግሥት ፈቀደ ማለት አይደለም። የዜግነት ማመልከቻ የሚያየው መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በካናቢስ ንግድ መሰማራት፣ ተቀጥሮ መሥራትንም ጨምሮ፣ በግዛት ሕግ ቢፈቀድም ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቆ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴነት ተጠርጥሮ ሊያዝ ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው በዚህ ምክንያት ወደ አሜሪካ መግባት ሲከለከል፣ ከገንዘቡ እያወቁ የተጠቀሙ ባለቤቱና ልጆቹም ዜግነት ከሌላቸው ሊነኩ ይችላሉ። ዜጋ የሆነው ወንድም ላይሰንስ ቢያወጣ እንኳ ግሪን ካርድ ያላትን እህት ካሸር አድርጎ መቅጠር ለእሷ አደጋ ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ በኔ አስተያየት፣ ቃለ መሐላውን እስኪፈጽም ከዚህ ንግድ ቢርቅ ይሻለዋል። የንግድ ጠበቃ ብቻ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያማክር።

በእቁብ ጀምሮ በወዳጅ ብድር መጨረስም አለ። ምንጩ በወረቀት የማይታይ ጥሬ ገንዘብ ለእንጀራ ቤት ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ጥያቄ ያስነሳል። የእቁቡን ዕጣ ባንክ አስገብቶ መዝገቡን መያዝ ይገባል። በፌዴራል መንግሥት ዋስትና የሚገኘው የአነስተኛ ንግድ ብድር ለካናቢስ አይሰጥም።

የመጨረሻው ስህተት፣ ለላይሰንስ በሚወጣው ዕጣ መመረጥን ራሱን እንደ ላይሰንስ ማየት ነው። በማርች 14 ቀን 2024 በወጣው ዕጣ ከ1,500 በላይ ብቁ ማመልከቻዎች ገብተው የተመረጡት 174 ናቸው። እነሱም ያገኙት ቅድመ ሁኔታ ያለው ፈቃድ ነው፤ ቦታ ማግኘት፣ የአካባቢውን የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ፈቃድ ማግኘትና ምርመራ ማለፍ ይቀራል፤ ሕጉ መጀመሪያ ለዚህ የሰጠው 18 ወር ነበር። ዕጣው ሳይወጣ ሱቅ የሚከራይ ሰው ባዶ ቤት ሲከፍል ይከርማል። አቅሙ የማይፈቅድለት ሱቅ ሳይከፍት፣ እስከ 10 ሠራተኛ ይዞ ቤት ለቤት የሚያደርሰውን ማይክሮ ዲስፐንሰሪ (አነስተኛ የካናቢስ መሸጫ) ይመልከት፤ በመጀመሪያው ዙር የማመልከቻው ክፍያ 1,000 ዶላር ሲሆን የመደበኛው 5,000 ነበር።