በግቢ ለሚጀመር ብየዳ ዕቃና ሻጭ አመራረጥ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀማሪዎች

የአጥር በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የዶሮ ቤት፣ የውሃ ሮቶ መቆሚያ። በግቢ ለሚሠራ ብየዳ ከዚህ ያለፈ ሥራ እምብዛም አይመጣም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ከ1.2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ አንግል (የኤል ቅርጽ ብረት) እና ላሜራ (ዝርግ ብረት) ነው። ስለዚህ ለማሽኑ መካከለኛ ገንዘብ መድቦ ለሽቦ፣ ለማስክና ለኤሌክትሮድ (ለብየዳ ዘንግ) አለመሰሰት ያዋጣል። አብዛኛው ጀማሪ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ማሽን ይገዛና በቀጭን ኤክስቴንሽን ይሰካዋል፤ ከዚያ "ማሽኑ አይበይድም" ብሎ ሻጩን ይወቅሳል።

ማሽኑ

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ትራንስፎርመሩ ከባድና ቻይ ነው፤ መብራት ግን በብዛት ይስባል። ኢንቨርተሩ ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ቀጭን ብረት ላይ እሳቱ ይታዘዛል፤ ጠላቶቹ የብረት ብናኝና እርጥበት ናቸው። ለግቢ ሥራ ኢንቨርተር ይበቃል። ግራይንደር ከጎኑ እንዳይሠራ ብቻ መጠንቀቅ ነው፤ የማሽኑ ማራገቢያ ብናኙን ስቦ የውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ቦርዱም ይቃጠላል።

ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 250 ወይም 300 ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ነው። መታየት ያለበት ከጀርባው የተለጠፈው ሰሌዳ ነው። እዚያ ላይ "160 አምፒር፣ 60 በመቶ" ከተባለ፣ ማሽኑ በ160 አምፒር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ይበይዳል፣ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው። ሰሌዳ ከሌለው መሰኪያውን ይዩ። አንድ ኢንቨርተር 160 አምፒር ለማውጣት ከቆጣሪው ወደ 30 አምፒር ይስባል፤ 250 ለማውጣት ከ50 በላይ ይፈልጋል። ተራው የቤት መሰኪያ የሚችለው 16 አምፒር ነው። እንግዲህ በቀጭን ሽቦና በተራ መሰኪያ የመጣ ማሽን 250 አምፒር አይሰጥም፤ ሻጩ ቢምልም አይሰጥም። ደስ የሚለው፣ ለቱቦላሬ 80 አምፒር ይበቃል፤ ለዚያ ከቆጣሪው የሚሳበው ወደ 14 አምፒር ብቻ ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማሽኑን ሱቁ ውስጥ መሞከር መብት ነው። ሁለት ቁራጭ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬና ሦስት ኤሌክትሮድ ይዞ መሄድ ነው። 70 አምፒር ላይ አድርጎ መለኮስ፤ ከዚያ ሳያቋርጡ ሦስቱንም ማቃጠል። እሳቱ ከተንተባተበ፣ ማራገቢያው ከዘገየ፣ ወይም የመያዣው ሽቦ እጅ እስኪያቃጥል ከጋለ፣ ይተዉት። ክላምፕ ሜትር (ሽቦ ታቅፎ አምፒር የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው አብሮ ከሄደ ደግሞ መደወያው የሚያሳየውና የሚወጣው አምፒር መግጠሙን ወዲያው ያያል።

ሽቦ

ብዙው ችግር ከዚህ ይጀምራል። 25 ሜትር የሚረዝም ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ኤክስቴንሽን በ20 አምፒር ላይ ወደ 12 ቮልት ይበላል፤ ባለ 2.5ቱ 7 ቮልት ገደማ ይበላል። ማታ ሁሉም ምጣዱን በሚጥድበት ሰዓት መብራቱ ራሱ ወርዶ ስለሚደርስ፣ በዚያ ላይ 12 ቮልት ሲጎድል ኢንቨርተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ባለ 2.5 ይግዙ፤ ከ25 ሜትር ካለፈ ባለ 4። የተጠቀለለውን ሁሉ ፈትቶ መዘርጋትም ግድ ነው፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩን ያቀልጣል። ምድር ሽቦ የሌለው ሶኬት ላይ ማሽኑን አይሰኩ።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የመያዣና የመቆንጠጫ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭንና አጭር ነው። እስከ 130 አምፒር ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይበቃል። መዳብ ለመሆኑ ጫፉን በቢላ ፋቅ ማድረግ ነው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ብረት ሻጭን የሚለየው ሚዛን ነው

"ባለ 1.5" ተብሎ ባለ 1.2 መሸጥ የቆየ ነገር ነው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ካለ ከተቆረጠው ጫፍ ላይ ዙሪያውን መለካት ይቻላል፤ ግን ሲቆረጥ የቀረው ሻካራ ጠርዝና ቀለሙ እንዳያሳስት ፋቅ አድርጎ። ካሊፐር ከሌለ ሚዛን አለ። 40 በ40 የሆነ 6 ሜትር ቱቦላሬ 1.5 ከሆነ ወደ 10.9 ኪሎ፣ 1.2 ከሆነ ወደ 8.8 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ኪሎ ልዩነት በእህል ሚዛንም ይታያል። ሚዛን አልሰጥም የሚል መጋዘን መልሱን በዚያው ሰጥቷል። በባለ 1.5 የተለማመደ እጅ ባለ 1.2 ሲገጥመው ያበሳዋል፤ ሲበሳ ጥፋቱ የእጅ ይመስላል።

ደሴ ያለ ሰው ከኮምቦልቻ በጅምላ ቢያወርድለት ዋጋው ሊረክስ ይችላል፤ ግን የሐረጎን አቀበት ለመውጣት የሚከፈለውን የመኪናና የጫኝ አውራጅ ዋጋ ደምሮ ማስላት አለበት። ለአንድ በር አያዋጣም። ከጎረቤት ሁለትና ሦስት ሰው ጋር ሲገዙ ያዋጣል። ለማሽኑ ግን ዋጋ ብቻ መመዘኛ አይሁን፤ ቦርዱን የሚጠግን ሰው እዚያው ከተማ ካለና ሻጩ ስሙ ያለበት ደረሰኝ ከሰጠ ትንሽ መጨመር ያዋጣል።

ኤሌክትሮድ

ለቤት ሥራ 6013 የተባለው ዓይነት፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ከ60 እስከ 90 አምፒር። ባለ 3.2ቱ ከ90 እስከ 130 ይፈልጋል፤ ቱቦላሬ ላይ አያስፈልግም። 7018 ለከባድ ጭነት ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ርካሽ ኢንቨርተር በደንብ አይለኩሰውም፣ እርጥበትም ፈጽሞ አይወድም።

ካርቶኑን ሳይሆን ውስጡን ይመርምሩ። ሁለት ኤሌክትሮድ አጋጭቶ መስማት ነው፦ ደረቅ ከሆነ እንደ ብረት ይጮኻል፣ እርጥበት ከገባበት ድምፁ ይታፈናል። ራቁቱን ጫፍ ላይ ዝገት ካለ ይተዉት። የሚለኮሰውን ጫፍ ፊት ለፊት ሲያዩት የውስጡ ብረት ሽቦ በትክክል መሃል ካልሆነ፣ ሽፋኑ በአንድ ወገን ቀድሞ ስለሚያልቅ እሳቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ይህን የትኛውም እጅ አያስተካክለውም።

ማስክና ዲስክ

ለ80 አምፒር የጨለማ ደረጃው ቁጥር 10 የሆነ መስታወት፣ ከ100 በላይ 11። በራሱ የሚጨልም ማስክ ከሆነ ሱቁ ደጃፍ ወጥቶ ወደ ፀሐይ ማዞር ነው፤ ቅጽበት ከዘገየ አይገዛም። የፀሐይ መነጽር አይሆንም። ዓይን መቃጠሉ የሚታወቀው ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁር ነው።

የመቁረጫ ዲስክ መሃሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት የማብቂያ ወርና ዓመት ተቀርጿል። ያለፈበትን አይውሰዱ፤ ማጣበቂያው ስለሚዳከም ሲሽከረከር ሊፈነዳ ይችላል። ከሁሉም የከፋው የትንሹን ግራይንደር መከለያ አውልቆ የ230 ሚሊ ሜትር ዲስክ እሱ ላይ ማሰር ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይዞራል፤ ዲስኩ የሚችለው 6,600 ብቻ ነው።

የተለበጠ ቆርቆሮ ከመበየድ በፊት ዚንኩን በግራይንደር መፋቅና ነፋስ ያለበት ቦታ መሥራት ያስፈልጋል። ጭሱ ማታ ብርድ ብርድና ትኩሳት ያመጣል። ወተት ያሽራል ይባላል፤ አያሽርም፣ መፍትሔው ጭሱን አለመሳብ ብቻ ነው። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ደግሞ ታጥቦም ቢሆን በግቢ አይበየድም።

በክረምት

ግቢው ሲረጥብ በደረቅ ጣውላ ላይ ቆሞ፣ በደረቅ የቆዳ ጓንት መሥራት ነው፤ ማሽኑ ሳይበይድ መያዣው ላይ ከ60 እስከ 80 ቮልት አለ። የተከፈተ ኤሌክትሮድ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ባልዲ ይቀመጥ። ከረጠበ 6013 በ100 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ይደርቃል፤ ከ120 በላይ ማሞቅ ሽፋኑን ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ከሰል ላይ በቀጥታ አይጣድም። ደሴ ላይ ጉም በሚውልበት ወቅት የሳምንቱን ብቻ መግዛት ይሻላል።